የንጉሡ አማችና የሕዝብ ገንዘብ
ለባርሴሎና ክለብ በእጅ ኳስ የተጫወተውና ከስፔን ብሔራዊ ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ኢኛኪ ኡርዳንጋሪን፣ በ1997 የንጉሥ ኹዋን ካርሎስን ልጅ ልዕልት ክሪስቲናን ካገባ በኋላ የባለሥልጣናትን ደጅ የከፈተለት በላቡ ያገኘው ክብር ሳይሆን የጋብቻ ዝምድናው ነበር። ይመራው የነበረው፣ ለትርፍ ያልቆመ የተባለው የኖስ ተቋም ከባሌያሪክ ደሴቶችና ከቫሌንሲያ አስተዳደሮች ያለ ጨረታ፣ ማለትም ሌሎች ተወዳዳሪዎች ዋጋ ሳያቀርቡ፣ ለስፖርት ጉባኤዎች የሕዝብ ገንዘብ መቀበሉና ገንዘቡ ወደ ግል ኩባንያዎች መዞሩ የአንድ ሰው ስግብግብነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የዘውዱን አማች እምቢ ለማለት ያልደፈሩ ሹማምንትም የጥፋቱ ተካፋዮች ናቸውና። የንጉሥ ፌሊፔ ስድስተኛ እህት ባል መሆኑ ሳያድነው በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው የ5 ዓመት ከ10 ወር እስራት ወህኒ መውረዱ ለስፔን ዳኞች ታላቅ ክብር ነው፤ ክሪስቲና ከወንጀል ነጻ ቢባሉም ከገንዘቡ በመጠቀማቸው ድርሻቸውን እንዲከፍሉ መወሰኑም እንዲሁ ተገቢ ነበር።