«ሲስተም የለም» የሚባለው መልስ ይብቃ

«ሲስተም የለም» ዛሬ ማንም የማይጠየቅበት መልስ ሆኗል። ከገሰራ ገጠር ቀበሌዎች ስንዴውን ሸጦ ገንዘብ ሊያወጣ ወይም ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ገበሬ መስኮቱ ላይ ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል። እስከ ሮቤ ወይም ጎባ የዘለቀው ደግሞ በትራንስፖርቱም በምሳውም ይከስራል።

መብራትና ኔትወርክ እንደሚቆራረጡ የታወቀ ነው። አንዳንዱ መቋረጥ ግን በሰው ውሳኔ የሚመጣ ነው፤ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ሆዱን መክፈት።

የሰርቨር ዲስክ ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። አንዱ ሲሞላ ከሌላው ቦታ ቀንሶ ለሱ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። በሊኑክስ በብዛት የሚሠራበት ኢኤክስቲ 4 የተባለው ፋይል ሲስተም እየሠራ ሊሰፋ ይችላል፤ እየሠራ ግን አይጠብም። እህል የሞላበትን ጎተራ ለማጥበብ የሚፈልግ አስቀድሞ እህሉን እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ክፍሉም መጀመሪያ መነቀል አለበት። ልንቀል ሲሉት ደግሞ ማሽኑ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላል።

ይህ እምቢታ ጥበቃ እንጂ ብልሽት አይደለም። ክፍሉን የያዘው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ታይቶ በሥርዓት ይቆማል። ሲስተሙ ራሱ የተጫነበት ክፍል ከሆነ ግን የቆመበትን መሬት ሊነቅል አይችልም፤ ማሽኑ ጠፍቶ በሌላ ፍላሽ መነሳት አለበት። አቋራጩ ክፍሉን ከዓይን ብቻ የሚሰውር ትእዛዝ ነው። ክፍሉ የተነቀለ ይመስላል፤ ፕሮግራሞቹ ግን ከሥር እየጻፉበት ነው። በዚያ ላይ መጠኑን በግድ መቀየር የሕዝብ መዝገብ ማበላሸት ነው።

በሚሠራ ሲስተም ላይ የሚደረግ ጥገና ምን ሊያስከትል እንደሚችል አገር አይቶታል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ተናገረ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ያያያዘው ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር ነበር። ያ ዲስክ የማጥበብ ጉዳይ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። «አገልግሎት እንዳይቋረጥ» ብሎ የሚያዝዝ አለቃ ተጠባባቂ ሰርቨር ካልገዛ፣ የሌሊት ሥራም ካልከፈለ፣ ያዘዘው ጥገና ሳይሆን ቁማር ነው።

መፍትሔው ተራ ነገር ነው። የመዝገቡ ቅጂ ይወሰድ፤ ቅጂው ተመልሶ እንደሚነበብም ይረጋገጥ። ሥራው በሌሊት ወይም በእሑድ ይሁን እንጂ በገበያ ቀን አይሁን። ከቀናት በፊት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጠፍ። «ከተዘጋ ሕዝብ ያማርራል» የሚሉ አሉ። ሕዝብ የሚያማርረው ሳይነገረው ሲዘጋበት ነው፤ አስቀድሞ ያወቀ ገበሬ ቀኑን ያስተካክላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለማቆም ድፍረት ያጣ መሥሪያ ቤት መቆሙ አይቀርም፤ የሚቆመው ግን ገበሬው መስኮቱ ጋ በደረሰበት ሰዓት ነው።