ሞገዱ ደርሷል፤ መልሱስ?

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲቃረብ ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ጉዞውን ቀጠለ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጣሩም ምላሽ አላገኙም። አውሮፕላኑ ሊያርፍበት የሚገባውን መንደርደሪያ ካለፈ በኋላ አውቶፓይለቱ ሥራውን አቆመና የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰማ፤ አብራሪዎቹም ተመልሰው በሰላም አሳረፉት። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ገለጹ። አየር መንገዱ በበኩሉ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ የበረራ ቁጥጥር ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበርና ሠራተኞቹም ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ መነሣታቸውን አስታወቀ።

«ግንኙነት ጠፋ» የሚለው ሐረግ ለፊዚክስ ተማሪ ጥያቄ ሊያስነሣ ይገባል። የጠፋው በእርግጥ ምንድን ነው? አውሮፕላኖች ከምድር ጋር በአብዛኛው የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ባለው የራዲዮ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ከሞላ ጎደል በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ በተጠቀሰው ከፍታ ላይ ሲሆን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ አንቴና ጋር መነጋገር ይችላል። በእኛዋ በዲላ ሰማይ ላይ ቢሆን እንኳ፣ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ300 ኪሎ ሜትር ስለማትርቅ፣ የምድር ክብነት አይጋርደውም። ከከተማዋ አናት ላይ ላለ አውሮፕላንማ ርቀት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዘገባዎቹ ትክክል ከሆኑ ሞገዱ አንቴናው ዘንድ ደርሷል፤ የታጣው ሰሚ ነው።

ስለዚህም በእኛ አስተያየት መልእክት ደረሰ የሚባለው ሞገዱ ሲደርስ ሳይሆን ትክክለኛው ምላሽ ሲመለስ ነው። አብራሪ የተሰጠውን ከፍታ ወይም የመንደርደሪያ ቁጥር መልሶ ለተቆጣጣሪው እንዲያነብ የሚገደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ዝምታን «እሺ» ብሎ መተርጎም ክልክል ነው።

ይህ ሥርዓት በከባድ ዋጋ የተገዛ ነው። በ1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ የኬኤልኤም እና የፓን አም ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተቆጣጣሪው «ቆዩ» ሲልና የፓን አም አብራሪዎች ገና መንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ሲናገሩ ንግግራቸው በአንድ ጊዜ ሆነ። ሁለት በጥቂቱ የሚለያዩ የክራር ክሮች አብረው ሲመቱ ድምፃቸው እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ ድግግሞሻቸው በጥቂቱ የሚለያይ ሁለት የራዲዮ ሞገዶችም በተቀባዩ ላይ የልዩነታቸውን ያህል ድግግሞሽ ያለው ፉጨት ይፈጥራሉ። በኬኤልኤም አብራሪዎች ጆሮ ያ ፉጨት ዋናውን ማስጠንቀቂያ ሸፈነው። ጥፋቱን ግን በፊዚክስ ብቻ ማላከክ አይቻልም። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ፓን አም ከመንደርደሪያው አልወጣ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት ሲመልስለት ግን መሐንዲሱ ጥያቄውን አልገፋበትም።

በእኛም ሰማይ ላይ ባይሆን በእኛ አውሮፕላን ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በረራ ቁጥር 409 ከቤይሩት በሌሊት ተነሥቶ ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 90 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የሊባኖስ መርማሪዎች የበረራ ቡድኑ አውሮፕላኑን በአግባቡ አለመቆጣጠሩንና ረዳት አብራሪው የዋናውን አብራሪ ሁኔታ ተረድቶ ጣልቃ አለመግባቱን በዘገባቸው አሰፈሩ። የኢትዮጵያ ወገን ድምዳሜውን ባለመቀበል አውሮፕላኑ ላይ ፍንዳታ ደርሷል ሲል ተከራክሯል። ያንን ክርክር እዚህ ለመዳኘት አንሞክርም። ሆኖም «ትንሹ ትልቁን ማረም ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ የትኛውም ወገን ቢረታ ክብደቱ አይቀንስም።

አንዳንዶች መፍትሔው ጥብቅ ቅጣት ነው ይላሉ። ቅጣት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን የደከመ አእምሮ ቅጣትን ፈርቶ አይነቃም፤ የሚነቃው በቂ እንቅልፍ ሲያገኝና የሥራ ሰዓቱ በጥናት ሲደለደል ነው። የፈራ ረዳትም ቅጣት በመብዛቱ አይናገርም፤ የሚናገረው መናገር የሥራው ግዴታ መሆኑን ሲሠለጥንና ሲናገርም ሲደመጥ ነው።

ትኩረት ማጣት የአብራሪዎች ችግር ብቻ አይደለም። ከዲላ ወደ ሐዋሳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ ሾፌር ሞባይሉን ለ3 ሰከንድ ቢመለከት መኪናው ወደ 67 ሜትር ያህል ያለ ተመልካች ይነጉዳል። በዚያች ቅጽበት «ኧረ መንገዱን እይ!» የሚል ተሳፋሪ የረዳት አብራሪን ሥራ እየሠራ ነው።

«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው አባባል በቦታው መልካም ነው፤ ይኸው ሕዝብ ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። የጌዴኦ ሶንጎም ጉዳይ በውይይት የሚታይበት የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ስለዚህ መደማመጥ ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ አይደለም። የጎደለን በላቦራቶሪያችንና በመማሪያ ክፍላችን ሥርዓት አድርገን መያዙ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከእናንተ መካከል አብራሪ፣ ተቆጣጣሪ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ የሚሆኑ አሉ። ልምምዱ ግን ዛሬ ይጀመራል። በላቦራቶሪ ባልደረባችሁ «12 ቮልት» ሲላችሁ «12 ቮልት» ብላችሁ መልሱለት። ሙከራው እስኪያልቅ ሞባይላችሁን አርቁ። መምህሩም ቢሆን በሰሌዳው ላይ ምልክት ሲስት ካያችሁ እጃችሁን አውጡ። እኛ መምህራን ደግሞ ያንን እጅ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ክብር ልንቀበለው ይገባናል።