ለደከመ ፈረስ የሚሆን ርኅራኄ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ይህ ቃል ፈረሰኛው በፈረሱ ብቻ እንዳይመካ ለማስተማር የተነገረ ነው፤ ሆኖም «ያደርሳል» መባሉ ብቻውን ለፈረስ ትልቅ ምስክር ነው። አባቶቻችን ይህን ውለታ ስለሚያውቁ በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። በየከተማው ጋሪ የሚስበው ፈረስ ግን ብዙውን ጊዜ ስም እንኳ የለውም። ጉልበቱ ሲያልቅ መንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ቀን መኪና፥ ሌሊት ጅብ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ በጠባብ ግቢ ውስጥ እንደ ተፈጥሮው እየያዙ መልሶ ማቆም ይቻል እንደ ሆነ፥ በቤታችን የደረሰውን እያነሣን በዚህ ወር ለክቡራን አንባብያን እንነግራለን።

ይህን ስንል ባለጋሪውን ለመክሰስ አይደለም። ባጃጅ በየመንገዱ ከበዛ ወዲህ የባለጋሪው ገቢ ቀንሷል፤ ገብሱም ጭዱም ተወዷል። ፈረሱ አንድ ሳምንት ቢያነክስ የቤቱ እንጀራ አንድ ሳምንት ይጎድላል። ችግር በሰውና በእንስሳ ላይ በአንድነት ሲወድቅ፥ መናገር የማይችለው አስቀድሞ ይጣላል።

ከሁሉ በፊት ጥፋታችንን እንናዘዝ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ ከተማ ዳር በሚገኘው ቤታችን በር ላይ አንድ ነጭ ፈረስ ቆሞ አገኘን። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። ልባችን ስለ ራራ ወዲያው ወደ ግቢ አስገብተን ገብስ በገንዳ ሙሉ አቀረብንለት፤ እርሱም ቀና ሳይል በላ። በማግሥቱም ጨመርንለት፤ ልጆቻችንም ዳነ ብለው ተደሰቱ። በሦስተኛው ቀን ጧት ግን እግሮቹ ተንቀጥቅጠው ወደቀ፤ ከቀትር በፊትም ሞተ። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ገንዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና «የገደለው ረኃቡ ብቻ አይደለም፤ ምግቡም ነው» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብዙ ሳምንት የተራበ ሰውነት የራሱን ስብና ሥጋ እየበላ ይቆያል፤ ፎስፎረስ፥ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የሚባሉት ማዕድናትም ከውስጡ ይሟጠጣሉ። ብዙ እህል በድንገት ሲገባ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሰውነትም ስኳሩን ለመቀበል ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያፈልቃል፤ ያን ጊዜ በደም ውስጥ የቀረው ጥቂት ማዕድን ከስኳሩ ጋር ተስቦ ወደ ሕዋሳት ይገባል። ከዚህም የተነሣ ልብ ይደክማል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ይህ አደጋ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀኖች ይበረታል። እኛ በትንሣኤ ሌሊት ከሥጋው በፊት ተልባ የምንጠጣ፥ ከረጅም ጾም የወጣ ሆድ በቀስታ መለመድ እንዳለበት ከእናቶቻችን የተማርን ሰዎች ነን። ለራሳችን ሆድ የምናውቀውን ጥበብ ለፈረሱ ሳናስብለት ቀረን።

ሁለተኛው ፈረስ የመጣው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። መልኩ ዳማ ስለ ሆነ ልጆቻችን «ዳማ» አሉት። ደረቱና ጀርባው ገጣባ ነበር፤ የፊት ኮቴዎቹም ረዝመው ወደ ላይ ተቆልምመዋል፤ ሰው እጁን ሲያነሣ በተመታ ዓይነት ይሸሽ ነበር። ዶን ሔነኪ የተባለ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በቴክሳስ ያወጣው የፈረስ ውፍረት መለኪያ ከ1 እስከ 9 ይደርሳል፤ ሐኪሙ ዳማን 2 ሰጠው። በዚህ ጊዜ ግን አልቸኮልንም፤ ከገብሱ በፊት ሐኪሙን ጠራን።

በመጀመሪያ ስለ ምግብ እንናገር። ፈረስ ሆዱ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ የበላውን ማስመለስም አይችልም። በሜዳ ሲኖር በቀን 16 ሰዓት ያህል እየተራመደ ጥቂት በጥቂት ይግጣል። ስለዚህ ጧትና ማታ ብቻ ብዙ እህል መስጠት ለባለቤቱ ይመቻል እንጂ ለፈረሱ ሆድ አይስማማም፤ የሆድ ቁርጠትም ያመጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው፥ ለተራበ ፈረስ የሚሻለው በየ4 ሰዓቱ በጥቂቱ የሚሰጥ አልፋልፋ ነው፤ ስታርቹ አነስተኛ ሲሆን ማግኒዚየምና ፎስፎረስ አለውና። ለትልቅ የፈረንጅ ፈረስ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች በአንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃዋል፤ የእኛ አገር ፈረስ በአካል አነስተኛ ስለ ሆነ ለዳማ ከዚያ አሳነስንለት። ሌሊቱን ተራ ገብተን እየተነሣን ሰጠነው። ከ10 ቀን በኋላ ድርቆሽና የምስር ገለባ እየጨመርን ሄድን፤ የጤፍ ጭድ ሆድ ቢሞላም ብቻውን ሥጋ ስለማይመልስ ከሌላው ጋር ደባለቅነው። ገብስ እስከ ሁለተኛው ወር ድረስ አልቀመሰም። ንጹሕ ውኃ ግን ከፊቱ አልተለየም፤ ፈረስ እንደ አካሉና እንደ ሙቀቱ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። የሚልሰውም አሞሌ ጨው አስቀመጥንለት።

ሁለተኛው ነገር መንቀሳቀስ ነው። የግቢያችን ስፋት 800 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ ቤቱና ጓሮው ይቀነሳሉ። «በዚህ ውስጥ ፈረስ ምን ይራመዳል?» ያለን ሰው ብዙ ነበር። ጄይሚ ጃክሰን የተባለ አሜሪካዊ የኮቴ ባለሙያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ምድር የሚኖሩትን የዱር ፈረሶች ተመልክቶ፥ ለጠባብ ቦታ የሚሆን ዘዴ ጽፏል። ይኸውም መካከሉን ትቶ በአጥሩ ዙሪያ መተላለፊያ መንገድ ማበጀት፥ ውኃውን በአንድ ጫፍ፥ ድርቆሹን በሌላው ጫፍ ማኖር ነው። ፈረሱ ለመብላትና ለመጠጣት ሲል ማንም ሳይነዳው ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። እኛም በባሕር ዛፍ እንጨትና በገመድ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መንገድ ከለልን፤ ድርቆሹንም በሦስት ቦታ ከፋፈልነው። ቀድሞ በአጭር ገመድ ታስሮ ያበጡ የነበሩት የዳማ እግሮች በሦስት ሳምንት ውስጥ ተስተካከሉ፤ ፈረስ ሲራመድ ኮቴው መሬት በነካ ቁጥር ደሙ ወደ ላይ እንዲመለስ ያግዛልና።

ሦስተኛው ኮቴ ነው። የአገራችን መረሬ አፈር በክረምት ጭቃው ኮቴን ያበሰብሳል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ቀይ ጠጠር ስለማይጠፋ፥ በውኃው ገንዳ አጠገብ አንድ ጋሪ ሙሉ አፈሰስን። ይህ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤ ግሪካዊው ክሴኖፎን ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ የፈረስ ኮቴ እንዲጠነክር በጋጣው ደጅ ድንጋይ እንዲነጠፍ መክሯል። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ፥ ፈጽሞ አዲስ ለመሆን አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የረዘመውን በአንድ ቀን መቍረጥ ፈረሱን ያነክሰዋል። ባለሙያው በየ5 ሳምንቱ እየመጣ በሞረድ ጥቂት በጥቂት አስተካከለው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ የተነገረ እስኪመስለን ድረስ ታገሥን።

አራተኛው ገጣባው ነው። በብዙ ቦታ ቁስልን በጋለ ብረት መተኰስ፥ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም መቀባት ይለመዳል፤ ይህ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። እኛ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው እየበጠበጥን አጠብነው፤ ሐኪሙም ስለ ፈቀደ ንጹሕ ማር በስሱ ቀባነው። ነገር ግን ዋናው መድኃኒት ሌላ ነበር፤ ደረቱን የበላውን ጠባብ የናይለን ጠፍር ማስቀረት። ጠፍሩ ካልተለወጠ የማር ጋን ቢፈስስበትም ቁስሉ አይድንም።

አምስተኛው ጓደኛና ጸጥታ ነው። ፈረስ የመንጋ ፍጥረት ነው፤ ብቻውን ሲሆን የሚጠብቅለት ስለሌለ ለመተኛት ይፈራል። ቆሞ ቢያንቀላፋም ሙሉ እንቅልፍ የሚያገኘው ሲጋደም ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎረቤታችን አንዲት አህያ ተውሰን አስገባን፤ ዳማ በአራተኛው ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋድሞ ተኛ። ታላቋ ልጃችንም በየማታው ከመንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትምህርቷን ታነብ ነበር፤ አትጠራውም፥ አትነካውም። ፈረስ በስተኋላውና በግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን አያይምና፥ ወደ እርሱ የሚቀርብ ሰው በትከሻው በኩል መምጣት አለበት። በስድስተኛው ሳምንት ዳማ ራሱ መጥቶ መጽሐፏን አሸተተ።

«እንደ ተፈጥሮው» ስንል ያለ ሐኪም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ፈረስ በቁስሉ በሚገባ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ እጅግ የሚጠቃ እንስሳ ስለ ሆነ ክትባት ያስፈልገዋል። በደረትና በእግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትለው የሚወጡ እብጠቶች ከታዩም የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፥ ፈረሱን ለይቶ ሐኪም መጥራት ነው። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ የልቡ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፥ ሙቀቱም ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህን መለካት ከቤተ ሰብ አንድ ሰው ቢማር መልካም ነው።

ሁሉም ፈረስ አይድንም። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ስትመጣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ የተሸጡትን አሮጌ የጦር ፈረሶች በድካም ሲጎተቱ አየች። ገንዘብ ለምና በሺሕ የሚቈጠሩ ገዛች፤ አብዛኞቹ የማይድኑ ስለ ነበሩ ጥቂት ቀን አሳርፋ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረገች። በ1934 ዓ.ም. ያቋቋመችው ሆስፒታል ያደገበት ድርጅት ዛሬ በአገራችንም ይሠራል። ሐኪም «ሕመሙ መጨረሻ የለውም» ካለ፥ ፈረሱን ለጅብ መተው ሳይሆን ያለ ጣር ማሳረፍ የርኅራኄ ሥራ መሆኑን ከእርስዋ እንማራለን።

ዳማ ግን ዳነ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ በመለኪያው 5 ሰጠው። በዚያው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አንድ ሰው በበራችን ላይ ቆሞ በአጥሩ ቀዳዳ ይመለከት ነበር። የዳማ የቀድሞ ባለቤት ነበር። «እትዬ፥ እኔ አልጣልኩትም፤ ልጆቼ ከሚራቡ ብዬ ለቀቅኩት» አለና ፊቱን አዞረ። ፈረሱን መልሱልኝ ይለናል ብለን ፈራን፤ በሕግም በኅሊናም ምን እንደምንመልስ አላወቅንም ነበር። እርሱ ግን ፈረሱን አልጠየቀም። «በብድር የገዛሁት ሌላ አለኝ፤ ደረቱ መቁሰል ጀምሯል፤ ይህን እንዴት እንዳዳናችሁት ብታሳዩኝ» አለን።

አስገብተን አሳየነው። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ቆመ፤ ሰውየውም ትከሻው አጠገብ እጁን ዘርግቶ ሳይነካው ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ፈረሱ እጁን አሸተተና ወደ ድርቆሹ ሄደ። ባለቤታችን በዚያው ቀን ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሰፊ የደረት ጠፍር ሰፍታ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ፈረሱን አምጥቶ በግቢያችን መንገድ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሁለት ባልንጀሮቹም ተከትለውታል። ኦሪት በሰንበት በሬና አህያ እንዲያርፉ ያዘዘችው የሰው ዕረፍት ብቻውን ሙሉ ስለማይሆን ነው ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፥ ፈረስ የሌላችሁ እንኳ ብትሆኑ ጋሪ ስትሳፈሩ የፈረሱን ደረት ተመልከቱ። ከአቅም በላይ አታስጭኑ፤ ባለጋሪውንም ከመገሠጽ በፊት ያረጀ ብርድ ልብስና አንድ ባልዲ ውኃ ስጡት። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ነጩን ፈረስ ገደለብን፤ ዕውቀት ከትዕግሥት ጋር ሲሆን ግን ዳማን አቆመልን።