ይድረስ «እጄ ሥራ አያውቅም» ለሚሉት አንባቢ



  ጋራዤ በእንጨት ብናኝ ነጥቷል፤ መኪናዬም ደጅ ማደር ከጀመረች ቆይታለች። ምክንያቷ ጀልባ ናት፤ ተቆርጣና በካርቶን ታሽጋ የመጣች፣ እቤት የምትገጣጠም፣ ሸራ ያላት ትንሽ የእንጨት ጀልባ።

ይህን ስናገር የምሰማው መልስ ሁለት ነው። ገሚሱ «ጀልባ የሀብታም ነገር ነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «እኔ እንኳን ጀልባ፣ ሚስማር ስመታ ጣቴን ነው የምመታው» ብሎ ይስቃል። ደብዳቤዬ በተለይ ለኋለኞቹ ነው፤ የፊተኞቹም መልሳቸውን በመንገዳችን ላይ ያገኙታል።

በእንግሊዝ አገር ባሪ በክኔል የሚባል ሰው ነበር። በቢቢሲ ቴሌቪዥን እየቀረበ ሰዉ በርና መደርደሪያውን በገዛ እጁ እንዲሠራ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ይህ ሰው ጃክ ሆልት ከተባለው የታወቀ የጀልባ ነዳፊ ጋር ሆኖ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራት የሚችል ጀልባ አወጣ። ወጪውንና ማስታወቂያውን የያዘው ዴይሊ ሚረር ነበር፤ የሠራተኛው መደብ ጋዜጣ። የጀልባዋም ስም ሚረር ሆነ፤ ሸራዋም ከጋዜጣው አርማ ጋር እንዲሄድ ቀይ ተደረገ። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ30፣ የባዶ አካሏ ክብደት 45 ኪሎ ገደማ፤ መኪና ጣሪያ ላይ ትጫናለች። ምሰሶዋም ተነጣጥሎ ጀልባዋ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዋጋዋ 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ብዙዎቹን የሠሯቸው ተራ ሰዎች ናቸው፤ ከእርስዎ የተሻለ እጅ የነበራቸው አይምሰልዎ። አሻንጉሊት ናት የሚል ካለ ደግሞ፣ ማኪነን የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1997 ከእንግሊዝ ተነሥቶ በወንዝና በቦይ፣ በባሕርም አቋርጦ በአንዲት አሮጌ ሚረር ጥቁር ባሕር ድረስ ሄዷል።

ምኑ ነው ታዲያ ነገሩን ያቀለለው? የዱሮ ጀልባ አናጺ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የጎድን አጥንቷን ያቆማል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሳንቃ እየላገ፣ እየለካ፣ መልሶ እየላገ ያለብሳታል። የአንዱ ሳንቃ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ማዕዘን የለውም፤ ይህን በዓይን ለመያዝ ዓመታት ይፈጃል። በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ዕቃ፣ ኪቱ፣ የወሰደልዎት ይህንን ነው። በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ኮምፔርሳቶውን በተሰላው ቅርጽ ቆርጦ ይልካል። ለእርስዎ የሚተርፈው ጊዜና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቀው ክፍል ነው።

የሚገጣጠመውም በመስፋት ነው፤ ቃል በቃል በመስፋት። በሳንቃዎቹ ጠርዝ ላይ በየ15 ሳንቲሜትሩ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ሁለቱን የታች ሳንቃዎች ፊት ለፊት ደራርበው በአንዱ ጠርዝ በኩል የመዳብ ሽቦ በየቀዳዳው ያሳልፉና በፒንሳ ላላ አድርገው ይጠመዝዙታል። ከዚያ ሳንቃዎቹን እንደ መጽሐፍ ይከፍቷቸዋል። የጎኖቹን ሳንቃዎች ጨምረው ሽቦውን ከፊት ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት ሲያጠብቁት፣ ለጥ ብሎ መሬት ላይ የነበረው እንጨት መጉበጥ ይጀምራል። ማንም አላጎበጠውም፤ ጠርዞቹ እንዲገናኙ ሲገደዱ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ቆማ ያያሉ። ጎረቤት ይጠራል፤ ልጆች ካሉ ካልገባንባት ይላሉ። አያስገቧቸው፤ ገና በሽቦ ብቻ ነው የቆመችው። ሽቦውንም አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የጠመዘዙት እንደሆነ ኮምፔርሳቶውን ሰንጥቆ ይወጣል።

መስፋቱ ለእኛ አዲስ አለመሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ የአክሱሙን ንጉሥ የካሌብን ዘመን ሲተርክ፣ በቀይ ባሕር ላይ የሚሄዱት ጀልባዎች በብረት ሚስማር ሳይመቱ በገመድ እየታሰሩ እንደሚሠሩ ጽፏል። የጣናው የደንገል ታንኳም እስከ ዛሬ የሚታሰረው በገመድ ነው። ልዩነቱ እኛ ሽቦውን ኋላ ቆርጠን መጣላችን ነው፤ ጀልባዋን ይዞ የሚቀረው ማጣበቂያው ነው።

ማጣበቂያው ከመነካቱ በፊት ግን ያለውን አንድ ሰዓት አደራ እልዎታለሁ። ከሥራው ሁሉ የማይቸኮልበት እሱ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች ወስደው አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በጀልባዋ ከንፈር ላይ ያጋድሟቸው። ጥቂት ራቅ ብለው ጎንበስ ይበሉና በአንድ ዓይን ይመልከቱ። የፊተኛው ጣውላ ጠርዝ ከኋለኛው ጋር እኩል ከሄደ ደህና ነው። አንዱ ጫፍ ከፍ ካለ ጀልባዋ ተጠማዛለች ማለት ነው። አሁን ከሆነ ከሥሯ ሽብልቅ ገፋ አድርጎ ሽቦ ማላላት ይበቃል። ከደረቀች በኋላ ግን የትኛውም አናጺ አያቃናትም፤ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ትስባለች።

ከዚያ ኢፖክሲው ይመጣል። ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ሙጫና ማጠንከሪያ። ቶሎ ይድረቅ ብለው ማጠንከሪያውን ቢያበዙት አይፈጥንም፤ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ። በአምራቹ ልክ ብቻ ይቀላቅሉ። ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ብዙ አድርገው ከተዉት በራሱ ሙቀት ይፈላል፣ ይጨሳል፤ ሰፊ ሳሕን ላይ ዘርጋ ያድርጉት። በጣም ደቃቅ የእንጨት ዱቄት እየጨመሩ፣ ከማንኪያ እስከማይንጠባጠብ ድረስ አወፍረው የውስጡን ማዕዘን ሁሉ ይሙሉት፤ በላዩ የፋይበርግላስ ጥብጣብ ያልብሱት። ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ! ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ የነካ እንደሆነ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም። ጅዳ ወይም ዱባይ ያላችሁ ሙቀቱ ሳይቀድማችሁ በማለዳ ሥሩ፤ በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ሳይደርቅ ያድራል።

ብርጭቆ ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። አሰልቺ ነው፤ ከሥራው ሰዓት ትልቁን ድርሻ የሚበላውም እሱ ነው፤ ማስክ ያድርጉ። ሲያልቅ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ግድ ነው፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርዎ። ካታሎግ ላይ የሚያዩት ዋጋ ብዙ ጊዜ የአካሏ ብቻ ነው። ሸራው፣ ገመዱ፣ ቀለሙ፣ አንዳንዴም ምሰሶው ለብቻ ይሸጣል። ከማዘዝዎ በፊት የተካተተውን መስመር በመስመር ይጠይቁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ አናፖሊስ ላይ ቼሳፒክ ላይት ክራፍት የሚባል ኪት ሠሪ አለ፤ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤም ደጃችሁ ነው። አገር ቤት ሆነው ንድፍ ብቻ ገዝተው ኮምፔርሳቶውን ከገበያ አምጥተው ለመቁረጥ ካሰቡ ግን አንድ ቁራጭ ወስደው ድስት ውስጥ ይቀቅሉት፤ ከዚያ ያድርቁት። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ለጀልባ አይሆንም፤ ለመደርደሪያ ይሁን። ንጣፉን ከንጣፍ ያያያዘው ኮላ ውሃ የሚችል ካልሆነ የውጭው ቀለም ጀልባዋን አያድናትም። ቁራጩ ፈተናውን ካለፈልዎት የባቦጋያና የላንጋኖ ሐይቆች ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም። ሐዋሳን ከመረጡ ጉማሬው የት እንደሚውል አስቀድመው ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሜትር ያውጡና በርዎን ይለኩ። የሚረር ወርድ 1 ሜትር ከ39 ነው፤ የተራ ቤት በር ደግሞ 90 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። በጎኗ አቁመው ያወጧት ይሆናል፤ ከበሩ ወዲያ ኮሪደሩ ይታጠፍ እንደሆነ ግን ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት ይዩት።

አክባሪዎ