ውሉን መንግሥት ይፈርማል፣ ዕዳውን ሕዝብ ይሸከማል



መንግሥት በሀገር ስም የሚፈርመው ውል የባለሥልጣናት የግል ጉዳይ አይደለም። ወሰን ይቆርጣል፣ ብድር ያስከፍላል፣ መብት ይሰጣል ወይም ይነፍጋል። የውል ቃል ጠንቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ሌላ፣ ጣልያንኛው ሌላ ሆኖ በመገኘቱ አባቶቻችን አድዋ ላይ በደማቸው አርመውታል።

ሕገ መንግሥቱ መንገዱን አስቀምጧል። አስፈጻሚው ይዋዋላል፤ በአንቀጽ 55(12) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፤ በአንቀጽ 71(2) ፕሬዚዳንቱ በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል። የጸደቀው ስምምነት በአንቀጽ 9(4) የሀገሪቱ የሕግ አካል ይሆናል። በተግባር ግን ምክር ቤቱ ማኅተም መቺ፣ ነጋሪት ጋዜጣውም ርዕስ ነጋሪ ሆነዋል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ድንበሩ በቅኝ ግዛት ውሎች እንዲካለል፣ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ደነገገ። ምክር ቤቱም አጸደቀው። ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔው ሲሰጥ መንግሥት በመጀመሪያ በድል ስሜት ተቀበለው፤ ስንቱ ወጣት የወደቀባት ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ግልጽ ሲሆን ተቃወመ። በሩ ግን የተዘጋው ውሉ ሲጸድቅ ነበር። የኋላው ተቃውሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። የታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድም ሲፈረም ቃሉ ለሕዝብ አልቀረበም።

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ሲጸድቅ ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ኮንቬንሽኑን ጠቅሶ፣ የታችኞቹን ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ሽሮ፣ የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም ወሰነ። ውሳኔው የሚመሰገን ነው። ግን ሰበር ድረስ ለመሄድ አቅም የሌለውስ? ዳኛ እጁ ባልገባ ሕግ እንዴት ይፍረድ? ዜጋስ ያላነበበውን መብት እንዴት ይጠይቅ?

ስለሆነም ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. ማንኛውም ስምምነት ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ሙሉ ቃሉ በአማርኛና በክልሎች የሥራ ቋንቋዎች ይፋ ይሆናል።
2. ወሰንን፣ የባሕር በርንና ከባድ ብድርን የሚነካ ውል ሕዝብ ሳይወያይበት ለድምፅ አይቀርብም።
3. የጸደቀ ስምምነት ከነሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ለየፍርድ ቤቱም ይሠራጫል።

ወደ ምክር ቤት የምትልኩት ሰው አንብቦና ጠይቆ እጁን የሚያወጣ ይሁን። ለዚህ ድምፃችሁን ስጡን።