ሰፈሩ ሲፈርስ ዋሱም አብሮ ሄደ

ካዛንቺስን የሚያውቅ ይህንንም ያውቃል፦ እዚያ ሥራ የሚገኘው በማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። ጋራዡ ረዳት ሲፈልግ፣ ምግብ ቤቱ ዕቃ አጣቢ ሲጎድለው «የእከሌን ልጅ ጥሩልኝ» ይባላል። ልጁ 12ኛን ጨረሰ አልጨረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲያድግ አይተውታል፣ እናቱን ያውቃሉ፣ በቃ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ይህን በሌላ ስም ነበር የምናውቀው። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቀጣሪ የሰውን ችሎታ ቀድሞ ማየት ስለማይችል ምልክት ይፈልጋል። ዲፕሎማ አንዱ ምልክት ነው። ዲፕሎማ ለሌለው ልጅ ደግሞ ምልክቱ ጎረቤቱ ነበር።

በ2017 በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙ መንደሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። ስለ ቤቱ ብዙ ተወራ፤ ስለ ጠፋው ምልክት ግን ብዙም አልተወራም። በአዲሱ ሰፈር «ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ልጅ ማንን ይጥራ?

ወረፋውም ረዝሟል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ሪሚዲያል የገባው ገብቶ ቀሪው ሥራ ፍለጋ ይወጣል። 10ኛ ይበቃበት ለነበረ የአስተናጋጅነት ቦታ 12ኛ የጨረሰ ሲሰለፍ ቀጣሪው መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል። ሥራው አልከበደም፤ ተሰላፊው ነው የበዛው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለሚችል የማታ ትምህርት አለ። ኪራይ እየከፈለ ለሚሠራ ግን በእኔ እይታ ቅርብ የሆኑት ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

አንደኛው የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ ነው። ብዙዎች ኮሌጅ ለተማረ ብቻ ይመስላቸዋል። የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ግን ሙያውን በሥራ ላይ የለመደም እንዲመዘን ይፈቅዳል። ብየዳ፣ ቧንቧ ወይም ወጥ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን ካለፈ ማስረጃ ይይዛል።

ሁለተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የሠራበትን ዘመንና ደሞዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከለቀቃችሁ በኋላ ሳይሆን ገና እየሠራችሁ ጠይቁ።

ወረቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ምዘናውም ክፍያ አለው። ቢሆንም የቀን ሥራ የዛሬን ነው የሚሸፍነው፤ የተመሰከረለት ሙያ ግን ሰፈር ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ከተማው ለተነሺዎች ምትክ ቤት ሲቆጥር ያጡትንም ሥራ ቢቆጥር፣ መዛኞቹንም ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ቢልክ፣ ከአንድ የጋራዥ ዕቃ ማጓጓዣ ያልበለጠ ወጪ ነው ባልልም፣ ሥራ አጥቶ ከሚቀመጥ ወጣት ግን ይረክሳል።