መንገዱን ማሻሻል ቢድዓ አይደለም!



እ.ኤ.አ. በ2008 የአፕል አፕ ስቶር ሲከፈት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ያለው ላይፍ ቸርች የተባለ ቤተ ክርስቲያን ዩቨርዥን በሚባል አፕ መጽሐፍ ቅዱስን በነፃ ስልክ ላይ አስገባ። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እዚሁ አዲስ አበባ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ከፍቶ ነበር። ደርግ በ1977 እስኪወርሰው ድረስ ስብከት ብቻ ሳይሆን ዜናና ትምህርትም አሰራጭቷል።

በዐቂዳ አንገናኝም። ሐቁን ግን እንናገር፦ እነሱ አዲስ ነገር ሲመጣ «ለመልእክታችን ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኛ ግን ስንቱን ዓመት «ይፈቀዳል አይፈቀድም» ስንባባል አሳለፍን! ስንቱ መድረሳችን ዛሬም የተማሪዎቹን ስም የሚይዝ መዝገብ እንኳ የለውም!

«እነሱ እኮ አምልኳቸውን ኮንሰርት አደረጉት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እንዲህ ያደረጉ አሉ። እኛም እሱን አንፈልግም። ዲን ላይ መጨመር ቢድዓ ነው፤ ዲኑን የምናደርስበትን መንገድ ማሻሻል ግን ቢድዓ አይደለም። በአሕዛብ ዘመቻ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ዐረቦች የማያውቁትን የፋርሶችን ስልት፣ ኸንደቅ መቆፈርን፣ ሲያቀርቡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀበሉት። እሳቸው ራሳቸው አብረው ቆፈሩ!

ታናናሾቻችን ስለ ዲናቸው የሚጠይቁት ስልካቸውን ነው። እኛ ካልመለስንላቸው ሌላው ይመልስላቸዋል። ኮምፒውተር የምንችል ወደ ሰፈራችን መድረሳ እንሂድ፤ የኡስታዞቻችንን ደርስ ቀድተን እናሰራጭ። አካፋው በእጃችን ነው፤ እንቆፍር!

አላህ ያግዘን!